የቆላው ገበያ ለደጋው ሣር ያለበት ዕዳ

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ መዝገቡን ዘርግቶ ገቢውንና ወጪውን ያመዛዝናል። ለዕቃ መግዣ ያወጣውን፣ ለጭነት የከፈለውን፣ ለመጋዘን ኪራይ፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለመንግሥት ግብር የሰጠውን አንድ በአንድ ይጽፋል። ይህም የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ መዝገብ የሌለው ንግድ ምሰሶ እንደሌለው ቤት ነውና። ይሁን እንጂ በማናችንም መዝገብ ውስጥ ተጽፎ የማይገኝ፣ ንግዳችን ሁሉ ግን የተመሠረተበት አንድ ትልቅ ሒሳብ አለ። ይኸውም ተፈጥሮ ስለ እኛ በየቀኑ የምትፈጽመው አገልግሎት ነው። ዝናቡን ተቀብሎ በልኩ የሚያከፋፍለው ሣር፣ አፈሩን ይዞ የሚያቆመው ሥር፣ አበባን ከአበባ የምታገናኘው ንብ፣ ጥንቡን ከመንደር የሚያጸዳው አውሬና አሞራ ደመወዝ ጠይቀውን ስለማያውቁ፣ ሥራቸው ዋጋ የሌለው መስሎ ይታየናል። ዋጋቸው የሚታወቀው ሥራቸውን ያቋረጡ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሒሳቡ የሚመጣው ከነወለዱ ነው።

ይህን ነገር በሩቅ አገር ምሳሌ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን በሚያውቋት በካራቆሬ ገበያ ልናስረዳ እንወዳለን።

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከይፋት ቆላ በስተሰሜን የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። ከደቡብ ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ ሰንበቴና አጣዬ፣ ከሰሜን ከሚሴ በዚያው መንገድ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክተዋል። በገበያ ቀን የደጋው ሰው ገብስና በግ ይዞ ይወርዳል፤ የቆላው ገበሬ ጤፉን፣ ማሽላውን፣ ማሾውንና ሽንኩርቱን ያቀርባል፤ የአፋር አርብቶ አደርም ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል። በተለይ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት በመሆኑ ዝናው ርቆ የተሰማ ነው። ማሾም ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ የእነዚህ ትንንሽ ከተሞች ነጋዴ ሚዛን ከዓለም ገበያ ጋር ተያይዟል።

አንድ ጊዜ ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ሸቀጥ ከየት መጣ? ከማሳው ነው ቢባል፣ ማሳው ውሃውን ከየት አገኘ? የይፋት ቆላ ሙቀቱ የበረታ፣ ዝናቡም በየዓመቱ የማይታመን አገር ነው። በበጋ ሽንኩርቱንና ፍራፍሬውን የሚያበቅለው በምዕራብ በኩል ከቆመው ታላቅ ገደል የሚወርደው የወንዝ ውሃ ነው። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬና ጃራ ከገደሉ በላይ ካለው ደጋ የሚወርደውን ውሃ ተሸክመው የሚመጡ ወንዞች ናቸው። ስለዚህ ከካራቆሬ ገበያ ሆኖ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ የሚመለከት ነጋዴ የሚያየው ተራራ ብቻ አይደለም፤ የገበያውን የውሃ ጎተራ ነው የሚያየው።

በዚያ ተራራ ራስ ላይ፣ በመንዝ ምድር፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ ወደ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም ከ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አያንስም። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ረጅም ሣር ነው። ይህ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ የመኝታ ጉዝጓዝ፣ ከዝናብና ከብርድ የሚከልል ጌሳም ነው። ከሜዳውና ከዳርቻው ከሃያ የማያንሱ ወንዞችና ጅረቶች ይነሣሉ። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውሃ በጀማ በኩል ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው የይፋትን ቆላ አጠጥቶ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ይጓዛል።

ሣር ውሃን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማስተዋል ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በባዶ መሬት ላይ ሲወርድ ጠብታው አፈሩን ይደበድበዋል፤ የተፈታው አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ውሃውም መግቢያ አጥቶ በገጸ ምድር ላይ ይንደረደራል። ባጭር ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ቆላ ይደርሳል፤ በማግሥቱ ወንዙ ጭልጭል የሚል ጅረት ብቻ ይሆናል። ይኸው ዝናብ ጥቅጥቅ ባለ የጓሳ ሣር ላይ ሲወርድ ግን ቅጠሉ ኃይሉን ይሰብረዋል፤ ከሥሩ የተከማቸው ብስባሽም ይመጠዋል። ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ የደጋው ጭጋግ በሣሩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ አፈሩና ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ይገባና ከወራት በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ቆላው በሚጠማበት ሰዓት፣ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። እንግዲህ ሣሩ የሚሠራው ሥራ ከነጋዴው ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም በተትረፈረፈ ጊዜ ሰብስቦ በእጥረት ጊዜ ማከፋፈል ነው። ልዩነቱ ሣሩ የመጋዘን ኪራይ አለመጠየቁ ነው።

ይህ ሜዳ እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በተባለ ሥርዓት ጓሳን በጋራ ሲጠብቁ ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች የሆኑት ባለመብቶች ሜዳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሣሩ በሚገባ ሲያድግ ወይም ድርቅ ሲጠና በአዋጅ ይከፍቱታል፤ ዐጭደውና ከብታቸውን አግጠው መልሰው ይዘጉታል። ያለጊዜው የገባ ሰው ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በታወጀ ጊዜ ቀሮ ሕጋዊ መሠረቱን ቢያጣም፣ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን ጨርሶ አልተወውም። ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ፣ ሕዝቡ በመረጣቸው ኮሚቴዎችና በጠባቂዎች ይጠበቃል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እዚያ መኖሪያቸውን ያላጡት በዚህ ትጋት ነው።

እዚህ ላይ የነጋዴውን ልብ ሊነካ የሚገባ ነገር አለ። ሜዳውን የሚዘጋው ደገኛ ሀብት የተረፈው ሰው አይደለም። ከብቱ ሣር ሲያምረው፣ ማገዶው ሲያልቅበት፣ የቤቱ ክዳን ሲያፈስበት እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው። የዚህ ትዕግሥት ዋጋ የሚከፈለው በደጋ ነው፤ ትርፉ ግን በብዛት የሚታፈሰው በቆላ ነው። ሽንኩርቱ በተሸጠ ጊዜ ለዘሩ፣ ለማዳበሪያው፣ ለውሃ መሳቢያው ናፍጣ፣ ለጭነቱና ለደላላው ይከፈላል፤ ውሃውን ለጠበቀው ሰው ግን ምንም አይከፈልም። ይህ በንግድ ቋንቋ ሲነገር ዱቤ ነው፤ ያውም ለብዙ ዘመን ሳይከፈል የቆየ ዱቤ። አበዳሪው እስካሁን መጥቶ አልጠየቀንም ማለት ዕዳ የለብንም ማለት አይደለም። በደጋው የሰው ቁጥር እየበዛ፣ እርሻውም ወደ ላይ እየወጣ በሄደ መጠን፣ ያ ትዕግሥት ያለ አንዳች ድጋፍ ለዘለዓለም ይጸናል ብሎ መተማመን ብልህነት አይሆንም።

የካራቆሬ ሰው ምድር ልትቆጣ እንደምትችል ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ፈጽሞ አፈራረሳት፤ በካራቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ወደቀ፤ ዋናውም መንገድ ተሰነጣጠቀ። ያን መዓት ማንም ሊያስቀረው አይችልም ነበር። የደጋው ሣርና የገደሉ ደን ጠፍቶ የሚመጣው ጎርፍና ጥማት ግን የሰው እጅ ሥራ ስለ ሆነ፣ የሰው እጅ ሊያስቀረው ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ባዶ ሥጋት ነው የሚል ቢኖር፣ በሀገራችን የሆነውን ያስታውስ። ስመ ጥሩዋ የንግድ ከተማ ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ማብቂያ፣ በሌሊት፣ ደቻቱ የተባለው በጋውን ደረቅ ሆኖ የሚከርም ወንዝ በድንገት ሞልቶባት፣ ከ250 የማያንሱ ሰዎች ሞቱባት፤ ብዙ ቤትና ንብረትም ተጠረገ። ጎርፉ የወረደው ዛፋቸው ከተመናመነባቸው ከበላይዋ ተራሮች ነበር። ሐረርም ለብዙ ዓመታት ውሃዋን ትቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። በአንድ ወገን ከኮረብታው የተሸረሸረ ደለል ሞላበት፤ በሌላ ወገን ውሃው ለመስኖና ለከተማ ያለልክ ተሳበ። ከተማይቱም ውሃ ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት ውሃ ወደ ሐይቁ መመለሱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በመካከሉ የባከነውን ጊዜና ገንዘብ የሚመልስ ግን የለም። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብም አዋሽ ከተራቆተ መሬት ተሸክሞ በሚያመጣው ደለል ምክንያት ውሃ የመያዝ አቅሙን በከፊል አጥቷል። አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የገጽ አፈር ለመፈጠር በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፣ በአንድ ብርቱ ዝናብ ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። ዋናው ገንዘብ እንዲህ ሲሟጠጥ እያየ ትርፍ አገኘሁ የሚል ነጋዴ ካለ ራሱን ያታልላል።

የጠፋውን መመለስ እንደሚቻል የሚያሳይ ምስክርም ከካራቆሬ እምብዛም ሳይርቅ ይገኛል። የአንጾኪያ ሸለቆ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት፣ የርዳታ መጠለያም የተተከለበት ሥፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ወርልድ ቪዥን በተባለው ድርጅት ድጋፍ በተራራው ላይ እርከን ሠራ፤ ዛፍ ተከለ፤ ምንጭ አጎለበተ። ሸለቆው እንደገና ለመለመ፤ እህል ይለመንበት ከነበረው ምድር ፍራፍሬና አትክልት ለገበያ መውጣት ጀመረ። ይሁን እንጂ ያን ለማድረግ የብዙ ዓመት ድካምና የብዙ ሰው ገንዘብ ጠይቋል። ያለውን መጠበቅ የጠፋውን ከመመለስ እጅግ ይረክሳል።

ስለ ውሃና ስለ አፈር ይህን ያህል ካልን፣ ስለ ሌሎቹ ደመወዝ አልባ ሠራተኞችም ጥቂት እንጨምር። በዓለም ላይ ለምግብ ከሚዘሩት ዋና ዋና የሰብል ዓይነቶች ከአራቱ ሦስቱ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ፍሬ ለማፍራት ንብንና የንብን መሰል ነፍሳት ይሻሉ። የደጋው ኑግ፣ የቆላው ማንጎ፣ ለዘር የሚያዘው ሽንኩርት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ንቧ የምትኖረው ግን በማሳው ውስጥ ሳይሆን፣ በማሳው ዳር ባለው ቁጥቋጦና በገደሉ አበባ ላይ ነው። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ሲያልቅ የሚጎድለው የማር ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የፍሬውም ብዛት ይጎድላል።

እንዲሁም የምንንቀውን ጅብ እንመልከት። በመቀሌ ከተማ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን የሚበልጥ የሞተ እንስሳ ጥንብ ያስወግዳሉ። በዚህም ከብትንና ሰውን ከሚያጠቁ እንደ አባ ሰንጋ ካሉ በሽታዎች ሕዝቡን ይከላከላሉ። የከብት ገበያና ቄራ ያላቸው የይፋት ከተሞች ይህን ሥራ በመኪናና በሠራተኛ እናሠራ ቢሉ፣ ማዘጋጃ ቤቶቻቸው በጀቱን ከየት ያመጡት ነበር?

ከዚህም በቀር የጨፋ ረግረግ አለ። በቦርከና ወንዝ ዳር፣ በከሚሴ አካባቢ የተዘረጋው ይህ እርጥብ መሬት የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ያሳድራል፤ በበጋም ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲደርቅ ሣር ይዞ ይቆያል። የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ከብት ክፉውን ወራት የሚያልፈው በእርሱ ነው። ረግረጉ በቦይ ተቆራርጦ ሁሉም እርሻ ቢሆን፣ ጥቂት ገበሬዎች ለጥቂት ዓመት ያተርፉ ይሆናል፤ ጉድለቱ ግን አስቀድሞ የሚታየው በከብት ገበያው ላይ ነው። በሣር የተጣሉ ሰዎችም በገበያ አይስማሙም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰው ጥፋት ያለ ሰላም ገበያ እንደማይቆም በመራራ አስተምሮናል። የዚያ ጥፋት ምክንያት ብዙ ነው፤ በዚህ ዐምድ የምንፈርድበትም አይደለም። ይሁን እንጂ ሕዝቦችን አስማምቶ የሚያኖር የጋራ ሣርና የጋራ ውሃ እንዳይመናመን መጠበቅ ከሰላም ሥራ አንዱ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ ራሳችን እጅ እንመለስ። በአውራ ጎዳናው ዳር ተደርድሮ የሚታየውን የከሰል ጆንያ የሚገዛው፣ የሚጭነውና የሚያከፋፍለው ነጋዴ ነው። በልማዳዊው አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ እንጨት ይነዳል። ብዙ ዓመት የፈጀ ግራር በጥቂት ቀን ውስጥ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ከተማ ደንን እንዴት እንደሚበላ አዲስ አበባ ራሷ ትመሰክራለች። ከተማይቱ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ያዳናት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ቢሆንም፣ የአገር በቀሉን ደን ሥራ ሁሉ ተክቶ ሊሠራ አይችልም፤ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አያበቅልምና።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በዘመቻ ችግኝ መተከሉ መልካም ነው፤ ነጋዴውም በገንዘቡና በጉልበቱ ሲሳተፍ ታይቷል። ነገር ግን በሐምሌ ችግኝ ተክሎ በጥር የበሰለ ግራር አስቈርጦ መሸጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት መሆን ነው። ከደን የሚወጣ ዕቃ ያለ ፈቃድ እንዳይዘዋወር በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተደንግጓል። ይህን ድንጋጌ ለማስከበር የኬላ ጠባቂ ብቻውን አይበቃም፤ ገዢ ካልተገኘ ቈራጭ አይገኝም።

እዚህ ላይ ከሰል አክሳዩ ድሃ ነው፤ ምን ይብላ? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ግን ድሃው የቆመበትን ቅርንጫፍ እንዲቈርጥ መተው አይደለም። በአፋር ሜዳ ላይ እየተስፋፋ ግጦሹን ያጠፋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ለከሰል የተመቸ ነው። ነጋዴው በማኅበር ከተደራጁ አክሳዮች የዚህን ዛፍ ከሰል በፈቃድ ቢገዛ፣ ደኑም ግጦሹም ሁለቱ ይጠቀማሉ። የገደሉን ማር፣ የጓሮውን ፍራፍሬ በሚገባ ዋጋ መግዛትም ዛፉ ቆሞ እንዲያበላ ማድረግ ነው። ለሰው ምርጫ የሚሰጠው ገበያ ነውና፣ በዚህ ረገድ ከሰባኪ ይልቅ ነጋዴ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ በይፋት ቆላ ላሉት ነጋዴዎችና ለየከተማው የንግድ ምክር ቤት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በካራቆሬ፣ በአጣዬ፣ በሰንበቴና በሸዋ ሮቢት በሚዛን ከሚያልፈው ከእያንዳንዱ ኩንታል ማሾና ሽንኩርት ነጋዴው በፈቃዱ አንድ ብር ለውሃ ምንጭ መጠበቂያ ያዋጣ። አንድ ብር ከኩንታሉ ዋጋ አንጻር ሲታይ በጆንያ ቀዳዳ ከሚፈስሰው ፍሬ ያንሳል። ሁለተኛ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ለጓሳ ጠባቂዎች ደመወዝ ማጠናከሪያ፣ ለገደሉ እርከን ሥራና ሜዳው ተዘግቶ በሚቆይበት ጊዜ ለሚቸገሩ ደገኞች መኖ ይዋል። ሦስተኛ፣ ሒሳቡን የደጋና የቆላ ሽማግሌዎች እኩል ሆነው የሚቀመጡበት ጉባኤ ይያዘው፤ በየመንፈቁም በገበያ መካከል በይፋ ይነበብ። አራተኛ፣ የምክር ቤት አባል የሆነ ሁሉ ፈቃድ የሌለውን ከሰልና እንጨት እንዳይገዛና እንዳይጭን ቃሉን ይስጥ፤ ቃሉን ያፈረሰም በእድር ሕግ እንደሚደረገው በወንድሞቹ ፊት ይጠየቅ።

ይህ የንግድ ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር፣ በንግድ የሠለጠኑት ምን እንዳደረጉ እንንገረው። የኒው ዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ከባድ ምርጫ ገጥሟት ነበር። የመጠጥ ውሃዋን ለማጣራት ከ6 እስከ 8 ቢልዮን ዶላር ይፈጃል የተባለ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ወይም ውሃው ከሚመነጭበት ከካትስኪል ተራራ ገበሬዎች ጋር ተስማምታ ደኑንና መሬቱን ታስጠብቃለች። ከተማይቱ ሁለተኛውን መረጠች፤ ከፋብሪካው ዋጋ እጅግ ባነሰ ወጪም እስካሁን አብዛኛውን ውሃዋን ከዚያው ሳታጣራ ትጠጣለች። ለተራራው ገበሬ የከፈለችው ስለ ራራች አይደለም፤ ሒሳቡን በሚገባ ስላሰላችው ነው።

ግብር እንከፍላለን፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚሉም አይጠፉም። መንግሥት የራሱ ድርሻ እንዳለው አንክድም፤ ሕግ ማውጣትና ማስከበር የእርሱ ነው። ነገር ግን መንግሥት ዘበኛ አቁሟል ብሎ የመጋዘኑን በር ሳይቈልፍ የሚሄድ ነጋዴ አላየንም። ደጋው ሌላ ወረዳ ነው፤ እኛን አይመለከተንም የሚለውም ውሃው የወረዳ ድንበር ሲያከብር አይቶ ከሆነ ይንገረን። ሸክሙ ከበደን ለሚሉ ደግሞ አባቶቻችን የተዉልን ምላሽ አለ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የተከበራችሁ የይፋት ነጋዴዎች፣ ቀሮን ያቋቋሙት የመንዝ ገበሬዎች ባንክም ምክር ቤትም አልነበራቸውም። ሣሩን ዛሬ ብንጨርሰው ነገ ምን እንሆናለን ብለው ማሰባቸው ብቻ በቃቸው። እኛ ሚዛንና መዝገብ ይዘን፣ የዓለምን ገበያ ዋጋ በየቀኑ እየሰማን፣ ከእነርሱ ያነሰ አርቆ ማሰብ ቢገኝብን የሚያሳፍር ይሆናል። የሚመጣው የሽንኩርት ምርት ሚዛን ላይ ሳይወጣ፣ የየከተማው ምክር ቤት ይህን ጉዳይ በስብሰባው ላይ አንሥቶ እንዲመክርበት፣ ከመንዝ ሽማግሌዎችም ጋር ቀን ቈርጦ እንዲገናኝ በአክብሮት እናሳስባለን።